ሁለት ድምፅ የነበረው ኢንጂነር

ኢንጂነር ግርማቸው መሞቱን የነገረችኝ ፍቅርተ ናት። መገናኛ ባቡር ለመሳፈር ተሰልፌ ሳለ ደወለችልኝና ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም "ሰውየው አረፈ" አለች። ማንን ማለቷ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በእኔና በእሷ መካከል "ሰውየው" የሚባል ሌላ ሰው የለም። ስኳሩ ኩላሊቱ ላይ ወጥቶበት ነው አሉ። ልጆቹ በተሰበሰቡበት፣ በገዛ አልጋው ላይ፣ ጸበል ተረጭቶለት ነው የሄደው። "ነፍስ ይማር" ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት። ለቅሶ ትሄድ እንደሆነ ጠየቅኋት።

"እሄዳለሁ" አለች። "አንቺም ትመጫለሽ።"

በሕይወት ሳለ ፊት ለፊት "እርስዎ" እለው ነበር። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፣ አለቃዬም ነበር። ይህን ስጽፍ ግን "እሳቸው" ለማለት እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ የሚቀየመው ሰው እንደሆነ ተቀብሯል።

ያወቅሁት ከላምበረት መናኸሪያ በላይ፣ ወደ የካ ተራራ በሚወጣው ዳገት ላይ በሚገኝ አንድ ሆቴል ነው። እኔ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የወጣሁ የጥገና ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሱ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ። ሆቴሉ ምድር ቤት ውስጥ ዝቅተኛ ግፊት ያለው የእንፋሎት ቦይለር ነበረ። አንሶላ ለሚተኩሰው የላውንደሪ ማሽንና ለእንፋሎት መታጠቢያው እንፋሎት የሚሰጠው እሱ ነው። በክረምት ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራልና ከመናኸሪያ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስቲም መኖሩን ነበር። ፍቅርተ ላውንደሪው ውስጥ ማሽኑ ላይ ትሠራለች። ከወላይታ የመጣች፣ ብዙ የማትናገር፣ ሥራዋን አጥርታ የምታውቅ ልጅ ነበረች።

ግርማቸው መልኩ የተማረ ሰው መልክ ነው። ግራጫ ጋዋኑ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማው በዚያ ሁሉ ጭቃ መካከል የሚያብለጨልጭ። ቦይለር ክፍል ሲገባ በጋብቻ ቀለበቱ ቧንቧውን ጠቅ ጠቅ ያደርግና ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ደረት የሚያዳምጥ ሐኪም ይመስላል። ያኔ እንዴት እንደማደንቀው! አሁን ሳስበው ያንን ቀለበት ነቅዬ ተዳፋቱን ቁልቁል ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር።

ዕውቀቱን አልክደውም። የሚያስጠላኝም እሱ ነው፤ ያውቅ ነበር። ሳያውቅ ያጠፋ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት ሆዴ ውስጥ ባልተሸከምኩት። በየሳምንቱ መጀመሪያ እኛን የጥገና ሠራተኞቹን ሰብስቦ ያስተምረናል፤ ማንም አላዘዘውም። "የእኛ ቦይለር ግፊት ከሚኒባስ ጎማ ያንሳል" ይለናል። "ታዲያ አትናቁት። ጎማ ውስጥ ያለው ነፋስ ነው፤ እዚህ ያለው እሳት የበላ ውሃ ነው።" ውሃው መጠኑን ከሚያሳየው መስተዋት በታች ከወረደ እሳቱን አጥፉ እንጂ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትጨምሩ ይለናል። የጋለ ብረት ላይ ውሃ ሲያርፍ ባንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ቤቱን ይዞ ይነሳል ይላል። ስለ ሴፍቲ ቫልቭ ሲያወራማ ድምፁ ይለወጣል። ግፊቱ ሲበዛ በራሱ ተከፍቶ የሚያስተነፍሰው እሱ ብቻ ነውና የሚወጣበት ቧንቧ ከራሱ አፍ መጥበብ የለበትም፣ መዝጊያ አይገባበትም፣ በምንም ምክንያት አይደፈንም። "የቦይለሩ አፍንጫ ነው" ይላል። "አፍንጫውን የያዝከው ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ።"

የቧንቧ ስፋትንም ያስተማረን እሱ ነው። ቾክ አንስቶ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ክብ ይስላል፤ ውስጡ ትንንሽ ክቦች። "ባለ ሁለት ኢንች ቧንቧ ስንት ባለ አንድ ኢንች ይተካዋል?" ብሎ ሲጠይቀን አብዛኞቻችን "ሁለት" እንላለን። ይስቃል። አራት ነው፤ የሚቆጠረው የአፉ ጠቅላላ ስፋት እንጂ ከዳር እስከ ዳር ያለው ርዝመት አይደለም። እንፋሎትን በጠባብ መንገድ ካስገደድከው ይሮጣል፣ ሲሮጥ ውሃ አፍሶ ይሮጣል፣ ውሃው ማጠፊያ ላይ ሲደርስ ብረቱን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ይኼን ሁሉ ያስረዳን በሚገባን ቋንቋ ነው። ከኮሌጅ መምህሮቼ አንዱም እንደዚያ አላስረዳኝም።

ይህ አንደኛው ድምፁ ነው። ሁለተኛውን የሰማሁት የሆቴሉ ባለቤት ወደ ምድር ቤት የወረዱ ዕለት ነው።

ባለቤቱ ከግቢው ጫፍ አዲስ የሠርግ አዳራሽና ከጎኑ አዲስ የእንፋሎት መታጠቢያ አሠርተው ነበር። የቀረው እንፋሎቱን ከቦይለሩ እስከዚያ መውሰድ ነው። ያን ጠዋት ግርማቸው እኔን አስቀምጦ ርቀቱንና የሚያስፈልገውን እንፋሎት አስልቶ ባለ ሁለት ኢንች ቧንቧ እንደሚያስፈልግ አሳይቶኛል። ችግሩ ወለሉ ላይ ነው። በመተላለፊያው ሁሉ እብነ በረድ ተነጥፎ አልቋል፤ ከሥሩ ከድሮ ጀምሮ የተቀበሩ ሁለት ባለ አንድ ኢንች ቧንቧዎች ብቻ አሉ። አዲስ ቧንቧ ማለት ወለሉን መስበር ማለት ነው፤ የፋሲካ ሠርግ ደግሞ ደርሷል።

ባለቤቱ ወርደው መጡ። ግርማቸው መነጽሩን አወለቀ። ለምን እንደሚያወልቅ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ አለቃ ፊት ሲቆም ሁልጊዜ ያወልቀዋል፤ አጥርቶ ለማየት የሚፈራ ይመስል። ድምፁ ቀጠነ፣ አንገቱ ትከሻው ውስጥ ገባ። ባለቤቱ የጠየቁት አጭር ነው። ወለሌን ሳትነኩ በእነዚያ በሁለቱ ቧንቧዎች አይሆንም ወይ? አንድና አንድ ሁለት አይደለም?

"ይሆናል ጌታዬ" አለ ግርማቸው። "አንድና አንድ ሁለት ነው።"

ክቦቹ ግድግዳው ላይ ነበሩ። ከባለቤቱ ጀርባ፣ በቾክ፣ የራሱ እጅ የሳላቸው። ባለቤቱ ሽቅብ ከወጡ በኋላ ዓይን ዓይኑን ሳየው በጋዋኑ እጅጌ ግድግዳውን መጥረግ ጀመረ። ሲጨርስ መነጽሩን አድርጎ፣ ወደ መጀመሪያው ድምፁ ተመልሶ፣ ግፊቱን ትንሽ ከፍ ካደረግነው እንደሚዳረስ ነገረኝ። እኔም እዚያው አይዳረስም አልኩት፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት አልኩት። "ሰላም፣ ልጄ" አለኝ፤ "መሐንዲስነትና ኑሮ ለየብቻ ነው።"

አዳራሹ ተከፈተ። የመጀመሪያው ሠርግ ዕለት ቧንቧዎቹ መጮህ ጀመሩ። ከእብነ በረዱ ሥር አንድ ሰው ተቀብሮ ልውጣ እያለ የሚደበድብ ይመስላል። እንግዶቹ ወለሉን እያዩ ይስቃሉ። ዲጄው ድምፅ ጨመረበት። ጫፍ ያለው መታጠቢያ ውስጥ ግን የሚደርሰው ለብ ያለ ጭጋግ ነው። ግርማቸው ግፊቱን ከፍ አደረገ። አሁንም አልተዳረሰም፤ አሁንም ከፍ አደረገ። በመጨረሻ ሴፍቲ ቫልቩ ሥራውን ሠራ፤ ተከፈተና በጓሮው ቧንቧ በኩል እያፏጨ ማስተንፈስ ያዘ። ጓሮው ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት አትክልት ቦታ ነው። እንፋሎቱ ቬሎ ላይ ነፋ፣ ሚዜዎቹ ተበታተኑ። ባለቤቱ ግርማቸውን ሰው ፊት ገሠጹት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ መነጽሩን ሲያወልቅ ግን ከሩቅ አይቻለሁ።

በማግስቱ የሴፍቲ ቫልቩ መውጫ ቧንቧ ጫፍ ላይ ታፖ ገብቶበት አገኘሁ። በክር የሚገባ፣ እንደ ቡሽ የሚደፍን የብረት ክዳን ነው። ያስገባው ደግሞ በጥሩ እጅ ነው፤ ክሩ በቃጫና በቀለም የታሸገ፣ ጠብታ የማይወጣው። የግርማቸውን ሥራ አልስተውም።

ፈትቼ አወጣሁት። ተፈትቶ ሲያገኘው መልሶ አስገባው። ድጋሚ ፈታሁት። ያን ጊዜ ጠራኝና ምንም ሳይቆጣ የቦይለር ክፍሉን ቁልፍ ተቀበለኝ። ከዛሬ ጀምሮ የኩሽናውን ማቀዝቀዣዎች ትይዣለሽ አለኝ። ለሠራተኛ አስተዳደሩ ሄጄ ተናገርኩ። የቴክኒክ ነገር የኢንጂነሩ ነው አሉኝ። ፍቅርተንም ነገርኳት፤ ማሽኑ የተለየ ድምፅ ካሰማሽ ጥለሽ ውጪ አልኳት። እሷም ጥዬ ብወጣ ማን መልሶ ያስገባኛል አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ነው አያት ወደሚገኘው ቤቱ የወሰደኝ። ለመታጠቢያ ቤቱ አዲስ የውሃ ማሞቂያ ገዝቶ ኖሮ እንዳግዘው ለመነኝ። ለምን እሺ እንዳልኩ እንጃ፤ ምናልባት ብቻችንን ስንሆን ሐሳቡን አስለውጠዋለሁ ብዬ ይሆናል። ሚስቱ ወይዘሮ አስቴር ምሳ አቀረበችልን፤ ደግ ሴት ናት። ማሞቂያውን ሰቀልን። የማስተንፈሻውን ቧንቧ ስገጥም ሽቅብ ዘንበል ብሏል ብሎ አስፈታኝ። ገጠምኩት፤ አሁንም አልጣመውም፤ ተንበርክኮ በውሃ ልክ ለካውና ራሱ አስተካከለው። መውጫው ሰፊ፣ ወደ ታች የወረደ፣ ከሰው የራቀ፣ ምንም መዝጊያ የሌለበት ሆነ። ኮሌጅ ውስጥ ለማስተማሪያ ቢሰቀል የሚያኮራ ሥራ ነበር።

"ልጆቼ የሚታጠቡበት ነው" አለ፣ እጁን እየጠራረገ።

የሆቴሉስ ብዬ ጠየቅሁት። አላፈረም፣ አልተቆጣም። እሱማ የባለሆቴሉ ነው አለኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ሰዉ እስኪያየኝ ድረስ አለቀስኩ። ንዴት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ሰው ማክበር አልቻልኩም።

አደጋው የደረሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሠርግ እየተበላ ሳለ ነው። እኔ ኩሽና ነበርኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ ድምፅ የጠርሙስ ሳጥን የወደቀ መሰለኝ። ቀጥሎ የላውንደሪ ልጆች ጩኸት መጣ። ሮጬ ስደርስ ክፍሉ በእንፋሎት ተሞልቶ ሰው ከሰው አይለይም፤ ወደ መተኮሻው ማሽን የሚገባው ቧንቧ መውጫ ያጣውን ግፊት መቋቋም አቅቶት መገጣጠሚያው ላይ ተለያይቷል። ጓደኞቿ ፍቅርተን በአንሶላ ጠቅልለው ጎትተው አወጧት። ቀኝ ክንዷ ከእጇ እስከ ትከሻዋ፣ ከአንገቷም በከፊል ተቀቅሏል። አልጮኸችም። ዓይኗን አፍጥጣ ክንዷን የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ ታየዋለች።

ወደ ቦይለር ክፍል ወረድኩ። በሩ ክፍት ነበር። እሳቱን አጠፋሁ፤ ውሃ አልጨመርኩም፤ የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ እስኪወርድ ቆሜ ጠበቅሁ። ያደረግሁት ሁሉ እሱ ያስተማረኝን ነው። ሽቅብ ስወጣ ግርማቸውን ደረጃው ላይ አገኘሁት።

"ጌጁ ወርዷል?" አለኝ።

ወርዷል አልኩት። በዚያች ቅጽበት፣ አፈር ልብላ፣ አመሰገንኩት። ስለ ሰው ተጨንቆ የጠየቀ መሰለኝ። እኔን አልፎ በጓሮ በር ወጣ። የሙሽሮቹ ሾፌር ፍቅርተን አበባ በተለጠፈበት መኪና ወደ ሆስፒታል ይዞ ሲወጣ፣ አጅቤ እስከ በር ደርሼ ተመለስኩና ወደ ጓሮ አየሁ። ግርማቸው ተንበርክኮ፣ መሐረብ እጁ ላይ ጠምጥሞ፣ በመፍቻ ታፖውን እየፈታ ነበር። ጌጁ መውረዱን የጠየቀኝ ለዚህ ነው፤ ግፊት ሳለ ቢፈታው ፊቱን ይለበልበዋልና። ፈታው፣ በመሐረቡ ጠቀለለው፣ ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ተነስቶ የጉልበቱን አፈር አራገፈ።

ሰኞ ስብሰባ ተደረገ። ባለቤቱ፣ የአስተዳደሩ ኃላፊ፣ ግርማቸውና እኔ ነን። ግርማቸው መነጽሩን አውልቆ በቀጭኑ ድምፁ አስረዳ። ልጅቷ የማሽኑን ቫልቭ ያለ አግባብ ነካክታለች አለ፤ ደጋግሜ አስጠንቅቄያት ነበር አለ፤ የገጠር ልጅ ናት፣ አይፈረድባትም አለ። አዘነላትም! ወንጅሏት ሲያበቃ አዘነላት። እኔ ተራዬን አልጠበቅሁም። ታፖ እንደነበረ፣ ሁለት ጊዜ እንደፈታሁት፣ ቁልፍ እንደተነጠቅሁ፣ ቅዳሜ ዕለትም ፈትቶ ኪሱ ሲከተው እንዳየሁት አንድ በአንድ ተናገርኩ። ግርማቸው ወደ እኔ ዞረና ለልጆቹ የሚያወራ በሚመስል ድምፅ "ሰላም፣ ደንግጠሻል" አለኝ።

ባለቤቱ ስብሰባውን ዘጉ። ፍቅርተ ስትድን ሥራዋ እንደማይኖር ተነገራት። እኔ የወሩን መጨረሻ አልጠበቅሁም፤ ራሴ ወጣሁ። ግርማቸው የምስጋና ወረቀት ተሰጠው ብለው ነገሩኝ፤ አደጋውን በፍጥነት ስለተቆጣጠረ።

ካየሁት ብዙ ጊዜ አልፎ፣ እኔም ሌላ ቦታ ቦይለር ይዤ፣ መሥሪያ ቤቴ ስለ ደኅንነት ለሚሰጥ ሥልጠና ላከኝ። አዳራሹ ስገባ መድረኩ ላይ የቆመው እሱ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ጫማው እንደድሮው ያብለጨልጫል። ትምህርቱ ግሩም ነበር። የሚኒባስ ጎማው፣ ክቦቹ፣ አፍንጫው፣ ሁሉም አልተለወጡም። ሰዉ እየሳቀ ይጽፋል። አየኝ፤ ያየኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቃል ግን አልሳተም። ጥያቄ ሲፈቀድ እጄን አወጣሁ።

"የሴፍቲ ቫልቭ መውጫን በታፖ ስለሚደፍን ሰው ምን ይላሉ?"

አላመነታም። "እንደዚያ ያለ ሰው ቦይለር ክፍል ደጃፍ መድረስ የለበትም" አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እሱም በትሕትና አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሰው ስለ ራሱ እንዲህ እውነት ተናግሮ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ ሲቆም ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ወዲህም አላየሁም። ወንበሬን ገፍቼ ወጣሁ።

ለቅሶው ቤት የሄድነው በሰልስቱ ነው። ከድንኳኑ ሰው ሳሳ ብሎ ነበር። በር ላይ ፎቶው ተሰቅሏል፤ መነጽሩን አድርጓል። አንድ ዘመዱ ቀብር ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪኩን ለዘገዩት እየደገመ ያወራል። በእሱ እጅ ሥር ባለፈ መሣሪያ አንድ ሰው ጉዳት ደርሶበት አያውቅም ይላል። ፍቅርተ ሰማች። ነጠላዋ ክንዷን እስከ ጣቷ ሸፍኖታል፤ ነጠላ ባትለብስም ረጅም እጅጌ ነው የምታደርገው፣ በጋም ክረምትም። አሁን ሾላ ገበያ ውስጥ ቅመም ትነግዳለች፤ በግራ እጇ ትመዝናለች።

ወይዘሮ አስቴር እኔን ወዲያው አወቀችኝ። ተቃቀፍን። ማሞቂያውን የሰቀልሽልን ልጅ ብላ ለጎረቤቶቿ አስተዋወቀችኝ። ፍቅርተንም ከየት እንደምታውቀው ጠየቀቻት። ሆቴል አብረን ሠርተናል አለች ፍቅርተ። ወይዘሮ አስቴር ይህን ስትሰማ እንባዋን እየጠረገች፣ እዚያ ስለነበረች አንዲት የላውንደሪ ልጅ ሟቹ ለልጆቹ ሁልጊዜ ያወራላቸው እንደነበር ነገረችን። ያልተነገራትን ነክታ ክንዷን ያቃጠለች ልጅ። ልጆቹ ኩሽና ውስጥ ሲንቀዠቀዡ የእሷን ታሪክ እያነሳ ያስጠነቅቃቸው ነበር።

ፍቅርተን እጇን ይዤ ላወጣት ፈለግሁ። እሷ ግን ተረጋግታ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

"እኔ ነኝ" አለች። "ምንም አልነካሁም ነበር።"

ወይዘሮ አስቴር ክንዷን አየች። ትጮኻለች፣ ታስወጣናለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና ያን የተኮማተረ ቆዳ በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ "ናሆም!" ብላ ተጣራች።

ናሆም የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። መካኒካል ምሕንድስና ጨርሶ ገና ሥራ መያዙ ነው፤ ቁመቱም አረማመዱም አባቱን ቁርጥ። ለእንግዳ ውሃ ሲያድል ስለነበር ከነጆጉ መጣ። እናቱ ጆጉን ተቀበለችውና ፍቅርተ ፊት ያለውን አግዳሚ አመለከተችው።

"ተቀመጥና ስማት" አለችው። "አንቺም እንደሆነው ንገሪው።"

ፍቅርተ ነገረችው። ሳትጨምር፣ ሳታማርር። የሚጮኸውን ወለል፣ ጓሮውን፣ ታፖውን፣ ቅዳሜውን። የማታውቀው ቦታ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ትዞራለች፤ እኔም የጎደለውን እሞላለሁ። ልጁ መጀመሪያ ሊቃወም ፈልጎ ነበር። በኋላ የባለሙያ ጥያቄ መጠየቅ ጀመረ፤ የቧንቧውን ስፋት፣ የቫልቩን መውጫ። እየጠየቀ በሄደ ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ መጣ፤ መልሱን ራሱ እየደረሰበት ነበርና። በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረችው። አጎንብሶ መሬት መሬት እያየ ጠየቃት።

"ማን ነው የደፈነው?"

ፍቅርተ እጅጌዋን ወደ ታች መለሰች።

"አባትህ" አለችው።